ዱላ ብዬ የተረጎምኩት

አሰላ ውስጥ ከነበሩት ፍርድ ቤቶች በአንዱ በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ትዳር በያዝኩ በዓመቱ ነው። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው አሰላ ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ ነበር። ከእናቴ ጋር በአንዱ እየተነታረክኩ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሌላው እየተደባደብኩ ስላደግኩ፣ መጀመሪያ አፌን የፈታሁት በየትኛው እንደሆነ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ለሥራው ሳመለክት የፈተኑኝ ሰውዬ ገና ሁለት ጥያቄ እንደጠየቁኝ «በቃ፣ ነገ ጀምር» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በሁለቱም ቋንቋ የማላውቀው ቃል የቀረ አልመሰለኝም።

ፍርድ ቤት የሚመጣው ጉዳይ ዞሮ ዞሮ «የማን ነው?» ነው። ይህ ማሳ የማን ነው? ይህች ጊደር የማን ናት? ድንበር ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍ የማን ነው? በዚህ የተነሣ የባለቤትነት ቃላት ሁሉ አፌ ላይ ነበሩ። የግል፣ የጋራ፣ የወል፣ የርስት፣ የጥሎሽ፣ የአደራ። ባለጉዳዩ «ከን ኮ» ካለ የኔ፣ «ከን ኬኛ» ካለ የኛ ማለቱ ነው። አንዱን ሰምቼ ሌላውን ለማለት ትንፋሽ መሰብሰብ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

ዳኛው ከሸዋ የመጡ፣ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ቶሎ የማይቆጡ ሰው ነበሩ። ኦሮምኛ አያውቁም። ባለጉዳይ ሲናገር ግን ዓይን ዓይኑን እያዩ እስኪጨርስ ይጠብቁና ወደ እኔ ዞር ብለው «እህ?» ይሉኛል። ያቺ «እህ» ታኮራኝ ነበር። ያለ እኔ አንድ ነገር እንደማይሆን የምትነግረኝ እሷ ነበረች።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ሜዳው በጤዛ እንደራሰ፣ አንዲት ወጣት ሴት ባሏን ከስሳ ቀረበች። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ገበሬዎች ናቸው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ታቅፋለች፤ አያያዟን ሳየው ሕፃን መስሎኝ ነበር። ዳኛው ፊት ስትደርስ ጨርቁን ፈታችው። ለሁለት የተሰበረ ቀጭን እንጨት ነው።

«ሲንቄዬን ሰበረብኝ» አለች በኦሮምኛ። ቀጠለችና «ከን ኮ ቆፋ» አለች፤ የኔ ብቻ ማለቷ ነው። «ቆፋ» የምትለዋን፣ «ብቻ» የምትለዋን፣ ጫን አድርጋ ነው የተናገረቻት።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «እህ?»

እንጨቱን አየሁት። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ልጡ የተላጠ፣ ቅቤ እየታሸ ብዙ ከመያዝ የወዛ ነው። «ዱላዬን ሰበረብኝ ነው የምትለው፣ ጌታዬ» አልኩ።

ዱላ በኦሮምኛ ኡሌ ነው። ሴትዮዋ ኡሌ አላለችም። ሲንቄ የሚለው ቃል ከዚያ በፊት ጆሮዬ ሳይደርስ አልቀረም፤ ግን ሴቶች ሲጫወቱ አልፎ አልፎ የሚሰማ ነገር እንጂ እኔን የሚመለከተኝ ቃል ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የተረጎምኩት የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነበር።

ባልየው ረጅም፣ ፊቱ ለሳቅ የቀረበ ሰው ነው። ምንም አልካደም። «እውነት ነው፣ ሰብሬዋለሁ» አለ። ኢተያ ገበያ በሬ ሊገዛ ሲነሳ የራሱን ዱላ አጣው። ቸኩሎ ስለነበር ከጓዳው ምሰሶ አጠገብ የቆመውን የሚስቱን አንሥቶ ወጣ። በሬውን ገዝቶ ሲመለስ፣ በሬው ወንዝ አልሻገርም ብሎ ቆመ። ቢለምነው አይሰማም፤ ቢገፋው አይንቀሳቀስም። አንድ ጊዜ ጀርባው ላይ ቢያሳርፍበት እንጨቱ ሁለት ሆነ።

«ደግሞ ስባሪውን አልጣልኩትም» አለ፣ ይህ እንዲታሰብለት እየፈለገ። «ቤት ድረስ ይዤላት መጥቻለሁ። ሌላ እቆርጥልሻለሁ ብያታለሁ፤ ከዚህ ወፈር ያለ።»

ይህን ስተረጉም ዳኛው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ባልሽ ዛሬውኑ ሌላ ዱላ ቆርጦ ይሰጥሻል። ለአንድ ዱላ ትዳር አይበተንም። በሰላም ሂዱ» አሏት።

እኔም እንዲሁ አልኳት። በኦሮምኛ ስናገር «ኡሌ» ብዬ ነው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሴትዮዋ ዳኛውን ትታ እኔን አየችኝ። አልተናደደችም። እንግዳ ሰው እንደሚታይ አየችኝና ስባሪውን መልሳ ጠቀለለች። በር ላይ ሲደርሱ ባሏ ወደ ግራ ዞረ፤ እሷ ወደ ቀኝ ሄደች።

ቤቴ ለምሳ ስገባ ነገሩን ለባለቤቴ እንደ ቀልድ አጫወትኳት። በሬው እንዴት እንዳስቸገረው፣ ባልየው ስባሪውን እንዴት እንደ ውለታ እንዳቀረበው። ክክ ወጥ እያወጣች ነበር። መሳቋን ስጠብቅ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትታ ቀጥ አለች።

«ምን ብለህ ተረጎምከው?»

«ዱላ።»

«ሲንቄን ዱላ አልከው?»

«ታዲያ ምን ልበለው? እንጨት ነው። በሬ ተመትቶበታል።»

የባለቤቴ እናት የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ አባቷን ሲያገቡ ክርስትና ተነሥተው ነው ከተማ የገቡት። «እናቴ ቤት ከጓዳው ምሰሶ ጋር ቆሞ የምታየው ምን መስሎህ ነው?» አለችኝ።

«ውሻ ማባረሪያ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ለትንሽ ጊዜ መሳቅ ይሁን መቆጣት የሚሻለው ግራ ገባት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት በገዛ እጇ የምታስይዛት ነው። ሙሽራዋ ባሏ ቤት የምትገባው እሱን ይዛ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ ከብቱም፣ መሬቱም፣ የሚወለዱት ልጆችም በባል ስም ይጠራሉ። ሲንቄው ግን የሷ ብቻ ነው። ባሏ አይነካውም፤ አማቷ አይነካውም፤ የወለደችው ወንድ ልጅ አይነካውም። ባሏ ቢበድላት ይዛው ትወጣለች፤ ሲንቄ ይዛ የወጣች ሴት ጩኸት የሰማች ሁሉ የራሷን አንሥታ ትከተላታለች። ሰው ሲጣላ መሐል የሚገቡበት እሱ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ የሚለምኑበትም እሱ ነው።

«ሲንቄ የሚሰበረው ሴትዮዋ ስትሞት ነው» አለች። «ሰብረው መቃብሯ ላይ ያኖሩታል። ሌላ ጊዜ አይሰበርም።»

ያነሣሁትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። «እንዲህ ከሆነ ለምን ፍርድ ቤት መጣች? እንደ ወጉ ለምን ይዛው አትወጣም?»

«ምኑን ይዛ ትውጣ? የሰበረባት እኮ ይዛው የምትወጣውን ነው።» ከዚያ ሳህኔን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ብላና ሂድ፤ ለዳኛው ንገራቸው» አለችኝ።

በላሁ፤ ሄድኩ፤ አልነገርኳቸውም። ከሰዓት በኋላ ሥራ በዛ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማክሰኞም ዳኛው ራሳቸውን አሟቸዋል አልኩ። ምክንያት አላጣሁም። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። «እህ?» ብለው ዞር ሲሉ የማላውቀው ነገር እንዳለ ቢያውቁ፣ ያቺ መዞር ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ የምትሆን አልመሰለኝም። ባለቤቴ ማታ ማታ «ነገርካቸው?» ትለኛለች፤ እኔም «ነገ» እላታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ሣር በሴቶች ተሞልቷል። ከሠላሳ አያንሱም። እያንዳንዷ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ እንጨት ይዛለች፤ ባዶ እጇን የተቀመጠች አንዲት ብቻ ናት፣ ያቺ ወጣት። ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ማንንም አይሳደቡም፤ የማንንም መንገድ አይዘጉም። ዳኛው በመስኮት አዩና «ሠርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። «አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኩ። በዚያ ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው ይህ ነበር።

ሴቶቹ ያን ቀን ቤታቸው አልተመለሱም። ከተማው ውስጥ ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ አደሩና ሐሙስ ማለዳ ተመልሰው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ገደማ ባሎቻቸው ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሕፃን በጋቢ አዝሏል፤ ማሰሪያው ላልቶበት ሕፃኑ በጎን ተንጠልጥሏል። ሌላው ሁለት ልጆች በእጁ ይጎትታል፤ ሦስተኛው ልጅ ደግሞ እሱን ይጎትተዋል። አጥሩን ተደግፈው ቆመው ሚስቶቻቸውን ያያሉ፤ ሚስቶቻቸው አያዩአቸውም።

አንዱ ባል ያንን ጠዋት የገጠመውን ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። «ላሚቱ በእኔ እጅ አልታለብም አለች» ይላል። «የሚስቴን ሻሽ ራሴ ላይ ጠመጠምኩ፤ እሷ ስታልብ የምትዘፍነውን እየዘፈንኩ ቀረብኩ። መጀመሪያ አሸተተችኝ። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ረገጠችኝ።» ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳያቸው። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁ፤ ሚስቱ መሆን አለባት።

በመጨረሻ ዳኛው ሴቶቹን የሚወክል ሰው ይግባ አሉ። ወጣቷና አንዲት አሮጊት ገቡ። አሮጊቷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የነቃ ሴት ናቸው። በኋላ እንዳወቅኩት አማርኛ ለገበያ ያህል ይሰማሉ። ባልየውም ተጠርቶ ጥግ ላይ ቆመ።

አሮጊቷ ተናገሩ። ዳኛው ዞሩ። «እህ?»

«የግል ንብረቷ ነው ይላሉ፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ባልና ሚስት በትዳር ያላቸው የጋራ ነው።»

«ይሄ ግን እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጧት ነው።»

«ስጦታ ነው እንግዲህ። ስጦታ ከሆነ ባልየው እተካለሁ ብሏል።»

«ስጦታም ብቻ አይደለም። የማዕረግ ነገር ነው።»

«ማዕረግ? የባላባት ልጅ ናት?»

የማወጣው ቃል ሁሉ ወደ ሌላ ቤት እየወሰደን ነው። የግል ስል ንብረት ይሆናል፤ ስጦታ ስል ምትክ ይመጣል፤ ማዕረግ ስል ሹመት ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ መካከል «የሷ ብቻ፣ ሊተካ የማይችል፣ ሌላ ሰው ሊነካው የማይገባ» የሚል አንድ ቃል አጣሁ። አሮጊቷ ትዕግሥታቸው አለቀና አንድ ነገር ተናገሩ። ያንን አልተረጎምኩትም።

«ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

«ምንም አላሉም፣ ጌታዬ።»

«ፊታቸው እንደዚያ አይልም። እንዳሉት ተርጉም፤ አታሳምር።»

«‹ይሄ ልጅ አፉ ውስጥ ምን ይዞ ነው የሚናገረው?› ነው ያሉት» አልኩ። ጸሐፊው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ሳለ።

አሮጊቷ ከዚያ በኋላ እኔን ተዉኝና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳኛውን ማኅተም በሲንቄያቸው ጫፍ አመለከቱ። የነሐስ ነው፤ የእንጨት እጀታ አለው። ዳኛው ከቆርቆሮ ሳጥኑ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቁልፉም ከደረት ኪሳቸው አይወጣም። አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ ዐረፍ እያሉ ተናገሩ። እኔም ሳላሳምር አንድ በአንድ ተረጎምኩ።

«ያ የያዝከው ብረት ነው፤ ቀጥቃጭ ሌላ ሊሠራልህ ይችላል። ይህ ጸሐፊህ ነገ ጠዋት ቸኩሎ ያንን ይውሰድና አጥንት ቢሰብርበት፣ እሱም ለሁለት ቢከፈል፣ ‹አይዞህ፣ ሌላ አሠራልሃለሁ፤ ከዚህ ወፈር ያለ› ቢልህ ምን ትላለህ?»

ዳኛው ማኅተሙን አነሡት። አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ጸሐፊው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«አባርረዋለሁ» አሉ።

ይህን ሳልተረጉመው አሮጊቷ ገባቸው። «ያንተ ከቢሮ የመጣ ነው» አሉ። «ስትሻር ለሌላ ሰው ይሰጣል። የሷ ከእናቷ እጅ የመጣ ነው፤ ከሷ በኋላ የሚይዘው የለም። ወላሂ፣ የሷ ይብሳል።»

ባልየው ጥግ ላይ እንደቆመ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። እሱም፣ እዚያው አገር ተወልዶ ያደገው ሰውዬ፣ ነገሩን እንደዚህ አድርጎ አስቦት እንደማያውቅ ከፊቱ ይታያል። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። በዚህኛው መዞር «እህ» አልነበረችም።

«ሰኞ ለምን ዱላ አልከኝ?»

«ሰኞ ስተረጉም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ።»

«ያወቅከው ዛሬ ነው?»

አዎ ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር። «ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አውቄዋለሁ። ለመናገር አፍሬ ነው» አልኩ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ ዳኛው።

ከዚያ አሮጊቷን ምን ቢሆን እንደሚታረቁ ጠየቋቸው። አሮጊቷ አልዘገዩም። ባልየው ሴቶቹን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ በግ ያርዳል። ከዚያ ጊደር ይዞ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ጎበሳ አጠገብ ወደሚኖሩት አማቱ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ፈቅደው ሌላ ሲንቄ በእጃቸው ለልጃቸው እስኪሰጡ ድረስ ወጣቷ አሮጊቷ ቤት ትቀመጣለች። ባልየው ሁሉንም እሺ አለ። አሮጊቷ ግን አልጨረሱም ነበር፤ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው አንድ ነገር ጨመሩ።

«እንዳሉት» አሉኝ ዳኛው፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት።

«‹ቃሉን የገደለው ልጅም ሣር ይያዝ› ነው ያሉት።» ሣር መያዝ በዚያ አገር ይቅርታ መለመን ነው።

«ይያዝ» አሉ ዳኛው።

ጸሐፊው መዝገቡን ሲያዘጋጅ ብዕሩን አንሥቶ ቆመ። «ምን ብዬ ልጻፈው፣ ጌታዬ? በትር ልበል?»

«ሲንቄ በል።»

«አማርኛ አይደለም እኮ።»

«አንተ ጻፈው። ያልገባው ይጠይቃል።»

እንግዲህ ያን ቀን፣ ያለችኝን አንዲት ካፖርት ለብሼ፣ ከባልየው ጎን ርጥብ ሣር በእጄ ይዤ ሠላሳ ሴቶች ፊት ተንበረከክኩ። አጥሩ ላይ የተደገፉት ባሎች አጉረመረሙ፤ የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ ተሰበሰበ። እሞታለሁ ብዬ ነበር። ግን ጉልበቴ መሬት ሲነካ ከሰኞ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ለቀቀኝ። ወጣቷ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ሲንቄ» አልኳት።

«ጥሩ አማርኛ ነው» አለችና ሣሩን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሏን ግን ቶሎ አልተቀበለችውም፤ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ አቆየችው። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እየዘፈኑ ወደየመንደራቸው ሲመለሱ፣ ባሎቹ ልጆቹን እንዳዘሉ ከኋላ ከኋላ ተከተሏቸው። ልጆቹን የሚቀበላቸው አላገኙም።

ባልየው ጎበሳ ደርሶ የተመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አማቱ በበቅሎ መጡ፤ እሱ ከአማት ጋር ፊት ለፊት መተያየት ነውር ስለሆነ፣ መንገዱን ሁሉ ከበቅሎዋ ጭራ ኋላ ሲራመድ ነበር የመጣው። እኔና ባለቤቴም አሮጊቷ ቤት ተጠራን። ለሌሎቹ በግ ታርዶ ነበር፤ እኛ ክርስቲያኖቹ የእስላም ሥጋ ስለማንበላ፣ ሳንጠይቃቸው ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ በሰፊ ገበታ ሞልተው ሰጡን። የቅቤው ሽታ ካፖርቴ ላይ ሳምንት ከረመ።

ሴቶቹ ባለቤቴን ይዘው ጓዳ ገቡና በሩ ተዘጋ። እኛ ወንዶቹ ደጅ ሣር ላይ ተቀምጠን ጩኮና ወተት ስንል፣ ከውስጥ መጀመሪያ የእናትየው ድምፅ ተሰማ፤ ብቻቸውን፣ ዝግ ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ቀጥሎ እልልታው መጣ። ባልየው አጠገቤ ነበር። «ምን ብለው ይሆን?» አለኝ። «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃውን እየዘለልን ባለቤቴን ጠየቅኳት። እናትየው ሲንቄውን ሲያስይዟት ምን አሉ? ሁላችሁስ በምን ሳቃችሁ?

ክንዴን ያዝ አደረገች፤ መልሷ ግን ደግ አልነበረም። «የሴቶች ነው» አለችኝ።

«እኔ እኮ አስተርጓሚ ነኝ።»

«እሱን አውቃለሁ» አለችና የጫማዋን ጭቃ ሣር ላይ እየጠረገች ቀድማኝ ሄደች። ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ አስቄያት፣ ተቆጥቼ፣ ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ጭምር። ያ ቤት ውስጥ የተባለውን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።